የእርሻ ኩሬ ውኃና በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች፦ በሞጣ፣ በቢቸናና በአካባቢያቸው ለሚገኙ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በሞጣና በቢቸና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ዝናቡ በክረምት ይበዛል፤ በበጋ ደግሞ ይጠፋል። የክረምቱን ጎርፍ በኩሬ አጠራቅሞ በበጋ ለጓሮ አትክልት፣ ለችግኝና ለከብት መጠጥ ማዋል ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ ነው። በ1995 ዓ.ም. በአገሪቱ ድርቅ ከተከሰተ ወዲህ የቤተሰብ ኩሬዎች በአማራና በትግራይ ክልሎች በስፋት እንዲቆፈሩ ተደርጓል። ከእነዚህ ኩሬዎች አንዳንዶቹ በሸክላ አፈር የተለሰኑ፣ አንዳንዶቹ በሲሚንቶ የተገነቡ፣ ሌሎቹም ጂኦሜምብሬን የሚባለው ወፍራም ፕላስቲክ የተነጠፈባቸው ናቸው።

እነዚህ ኩሬዎች የተቆፈሩት ለእርሻ ሥራ እንጂ ለመጠጥ አይደለም። ይሁን እንጂ ምንጭ ሲደርቅ፣ የእጅ ፓምፕ ሲበላሽ ወይም በእርሻ ላይ የዋለ ሰው ሲጠማ ከኩሬው ተቀድቶ የሚጠጣበት ጊዜ አለ። ዕቃ ይታጠብበታል፤ ሰላጣና ቃሪያ ይለቀለቅበታል፤ ጠላ ይጠመቅበታል። በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ወደ ሰው የሚተላለፉት በእነዚህ መንገዶች ነው። ይህ ጽሑፍ ባክቴሪያዎቹ ወደ ኩሬ የሚገቡበትን መንገድ፣ የሚያስከትሉትን በሽታ፣ ኅብረተሰቡ ሊወስዳቸው የሚገቡ የጥንቃቄ እርምጃዎችንና አገልግሎት የሚገኝባቸውን ተቋማት ያብራራል።

ባክቴሪያዎች ወደ ኩሬ የሚገቡባቸው መንገዶች

ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ እጅግ ጥቃቅን ሕያው ነገር ነው። በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ርዝመቱ ሁለት ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። 500 ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደሩ የሚሸፍኑት አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ከባክቴሪያ ዓይነቶች አብዛኞቹ ጉዳት አያደርሱም። በሽታ የሚያመጡት በአብዛኛው ከሰው ዓይነ ምድር፣ ከእንስሳት እዳሪና ከሽንት ጋር ወደ ውኃ የሚገቡት ናቸው።

የኩሬ ውኃ የሚሰበሰበው ከመሬት ገጽ ላይ ከሚፈስ ጎርፍ ነው። ጎርፉ በግጦሽ መሬት፣ በበረት ደጃፍ፣ በፍግ ክምርና ሜዳ ላይ በሚጸዳዱባቸው ስፍራዎች አልፎ ይመጣል። በተለይም በበጋው ወራት በመሬት ላይ የተጠራቀመውን እዳሪ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጠርገው ወደ ኩሬው ያስገባሉ። በበጋ መጨረሻ ደግሞ ውኃው እየቀነሰ ሲሄድ ከብቶች በቀረው ውኃ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ውስጡ ገብተው ሲጠጡም ይሸናሉ፣ እበት ይጥላሉ። ስለዚህ የኩሬ ውኃ ከሁሉም ይበልጥ አስጊ የሚሆነው በክረምት መግቢያና በበጋ ማብቂያ ነው። አይጦች፣ ውሾችና የዱር አእዋፍም ባክቴሪያ ወደ ኩሬ ያስገባሉ።

የአካባቢው የአየር ጠባይም ግምት ውስጥ ሊገባ ይገባል። ሞጣና ቢቸና ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው የኩሬው ውኃ ቀዝቃዛ ነው። ብዙዎቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ደግሞ በሙቅ ውኃ ውስጥ ቶሎ ይሞታሉ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ግን ለሳምንታት ሊቆዩ ይችላሉ። ስለሆነም “ውኃው ከገባ ሰንበት ብሏል፤ ጠርቷል” በሚል መተማመን ተገቢ አይደለም።

እበትም በሽታ ያስተላልፋል

በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ እበት እንደ ቆሻሻ አይታይም። አውድማ ይለቀለቅበታል፤ ግድግዳና ጎተራ ይለሰንበታል፤ ሲደርቅም ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ከዚህም የተነሣ በሽታ የሚመጣው ከሰው ዓይነ ምድር ብቻ ነው፣ ከብት የገባበት ውኃ ግን ብዙ አይጎዳም የሚል ግምት አለ። ይህ ግምት ትክክል አይደለም። ጤነኛ የሚመስል ላም፣ በሬ፣ በግ ወይም ዶሮ ራሱ ሳይታመም ሰውን የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎችን በእዳሪው ሊያስወጣ ይችላል።

በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ዎከርተን በምትባል 5,000 ያህል ነዋሪዎች ባሏት ከተማ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 የደረሰው ጉዳት ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። ከባድ ዝናብ ከአንድ እርሻ ላይ የከብት ፍግ አጥቦ ለከተማዋ ውኃ ወደሚያቀርብ ጉድጓድ አስገባ። ውኃው በክሎሪን በሚገባ ስላልታከመ ከ2,300 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ሰባት ሰዎችም ሞቱ። የበሽታው መንስኤዎች አደገኛው የኢ. ኮላይ ዓይነትና ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ ነበሩ። ዘመናዊ የቧንቧ ውኃ ባላት ከተማ ይህ ከደረሰ፣ ጎርፍ በቀጥታ የሚገባበትና ምንም ዓይነት ሕክምና የማይደረግለት ኩሬ የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው መረዳት ይቻላል።

በኩሬ ውኃ የሚተላለፉ በሽታዎች

ከእንስሳት እዳሪ የሚመጡት ዋና ዋናዎቹ አደገኛው የኢ. ኮላይ ዓይነት፣ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ ናቸው። ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ትኩሳትና ትውከት ያስከትላሉ። አደገኛው ኢ. ኮላይ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያስከትል ሲሆን፣ በተለይ በሕጻናት ላይ ኩላሊትን እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል።

ከሰው ዓይነ ምድር የሚመጡት ደግሞ የአንጀት ተስቦ ወይም ታይፎይድ፣ በሺጌላ ባክቴሪያ የሚመጣው የደም ተቅማጥ እና ኮሌራ ናቸው። እነዚህ በሽታዎች ወደ ኩሬ የሚደርሱት በአካባቢው የታመመ ወይም ባክቴሪያውን የተሸከመ ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ፣ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ በጎርፍ ሲሞላ ነው። ኮሌራ ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ አካባቢ ከሰዎች እንቅስቃሴ ጋር ይጓዛል። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ባሌ ዞን የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በአማራ ክልል ምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ፣ ብዙ ምእመናን ለጸበል በሚሰበሰቡበት በበርሚል ጊዮርጊስ ኮሌራ ተከስቷል። ስለሆነም በሽታው በአካባቢው ለጊዜው አለመኖሩ የኩሬን ውኃ ሳያክሙ ለመጠጣት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ሳይጠጡትም በቆዳ በኩል የሚተላለፍ በሽታ አለ። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ የሚመጣው በአይጥ፣ በከብትና በውሻ ሽንት አማካኝነት ወደ ውኃ ከሚገባ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው በቆሰለ ወይም በተሰነጣጠቀ ቆዳ፣ እንዲሁም በዓይንና በአፍ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ከባድ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የባት ሕመምና አንዳንድ ጊዜ የዓይን ቢጫ መሆን ያስከትላል። ኩሬ የሚጠርጉና ደለል የሚያወጡ ሰዎች ቁስላቸውን ሸፍነው፣ ቦቲ ጫማ አድርገው መሥራት ይኖርባቸዋል። ሕጻናትም በኩሬ ውስጥ እንዳይዋኙ መከልከል ያስፈልጋል።

በውኃው ላይ እንደ ቀለም የተንሳፈፈ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ አረንጓዴ ሽፋን ከታየ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ ማለት ነው። ይህ ሽፋን ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ክምችት ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያና ፍግ በጎርፍ ሲገባና ፀሐይ ሲበረታ ይበዛል። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ መርዝ ያመነጫሉ፤ መርዙም ውኃው ቢፈላም አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ውኃ ሰውም ሆነ ከብት ሊጠጣው አይገባም።

የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

“ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” እንደሚባለው የጠራና ሽታ የሌለው ውኃ ሰውን ሊያዘናጋ ይችላል። ባክቴሪያ የውኃን መልክም ሆነ ጣዕም አይለውጥም። ውኃን በነጠላ ማጥለል ገለባና ደለል ያስቀራል እንጂ ባክቴሪያን አያስቀርም፤ ባክቴሪያ በድርና በማጉ መካከል በቀላሉ ያልፋል።

በዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ለመጠጥ የሚውል ውኃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ ሊገኝበት አይገባም። ኢ. ኮላይ መገኘቱ ውኃው በቅርቡ በእዳሪ እንደተበከለ ያመለክታል። የኩሬ ውኃ አንድ ቀን ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ በማግስቱ ዝናብ ሊበከል ይችላል። ስለዚህ የምርመራ ውጤትን ሳይጠብቁ ክፍት የሆነን ኩሬ ሁልጊዜ እንደ ተበከለ ቆጥሮ መጠንቀቅ ይሻላል። ምርመራ ይበልጥ የሚጠቅመው ለመጠጥ ለሚያገለግሉ ጉድጓዶችና ምንጮች ነው።

ለመጠጥ የሚሆን ውኃ አያያዝና ሕክምና

የመጀመሪያው ምርጫ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለዕቃ ማጠቢያ ከቧንቧ፣ ከተጠበቀ ምንጭ ወይም ክዳን ካለው ጉድጓድ መቅዳት ነው። ይህ ሳይቻል ሲቀር ብቻ የኩሬ ውኃ በሚከተለው ሁኔታ ታክሞ ሊጠጣ ይችላል።

በቅድሚያ ውኃው በዕቃ ተቀምጦ እንዲጠል ይደረጋል። ከላይ የጠራው በጥንቃቄ ተገልብጦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። በቢቸና ዙሪያ ከሚገኘው ዋልካ አፈር የሚመጣ ደለል እጅግ የደቀቀ በመሆኑ ውኃው ለቀናት ሳይጠራ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ማፍላት ከሁሉም የተሻለ መንገድ ነው።

ማፍላት፦ አየሩ በሳሳበት ከፍተኛ ቦታ ውኃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው። በባሕር ጠረፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲፈላ፣ በሞጣና በቢቸና ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህ ሙቀት የአንጀት ባክቴሪያዎችን ለመግደል በቂ ነው። ሆኖም ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ አካባቢዎች ውኃው ተንተክትኮ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ በእሳቱ ላይ እንዲቆይ ይመከራል። ለብ ማለቱ ወይም ጥቂት አረፋ ማውጣቱ በቂ አይደለም። ማገዶ ለመቆጠብ ለመጠጥ የሚበቃውን ብቻ ማፍላት ይቻላል።

ክሎሪን፦ እንደ ውኃ አጋር ያሉ የክሎሪን ማከሚያዎች በማሸጊያቸው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመራሉ። ውኃው ከተበጠበጠ በኋላ ከመጠጣቱ በፊት 30 ደቂቃ ይቆያል። ክሎሪን በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ኃይሉ ይዳከማል፤ ምክንያቱም ደለልና ሌላ ቆሻሻ ስለሚያባክነው ባክቴሪያውን ለመግደል የሚተርፈው ያንሳል። ስለዚህ ማጥለሉ አስቀድሞ መከናወን አለበት። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበትን ማከሚያ መጠቀም አይገባም።

የፀሐይ ብርሃን፦ የጠራ ውኃ ቀለም በሌለው እስከ 2 ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ ለ6 ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ላይ ከዋለ ብዙ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ 2 ቀን ያስፈልጋል። በመሆኑም ይህ ዘዴ ለበጋ ወራት እንጂ ለክረምት አስተማማኝ አይደለም።

የታከመ ውኃ በታጠበ፣ አፉ ጠባብና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል። ከኩሬ መቅጃው ጀሪካንና የመጠጥ ውኃ ጀሪካን ተለይተው ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል። በኩባያ ወይም በጣሳ ውስጡ ገብቶ መቅዳት የታከመውን ውኃ እንደገና ስለሚበክለው ማንቆርቆር ወይም ቧንቧ ያለው ዕቃ መጠቀም ይመረጣል።

ቡናና ሻይ ፈልተው ስለሚቀርቡ በእነርሱ በኩል ያለው ስጋት አነስተኛ ነው። ጠላ ግን ከዚህ ይለያል። ጥንስሱ ሲጣልና ድፍድፉ በውኃ ሲሞላ የሚጨመረው ውኃ በአብዛኛው ያልፈላ ነው። ጠላው መኮምጠጡ ባክቴሪያን ሁሉ ይገድላል ብሎ መተማመን ስለማይቻል ለጠላና ለቅራሪ የሚውለው ውኃ አስቀድሞ ሊታከም ይገባል። ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች የሆኑ ሕጻናት ደግሞ የእናት ጡት ወተት ብቻ ስለሚበቃቸው ማንኛውም ውኃ ሊሰጣቸው አይገባም።

የጓሮ አትክልትና የከብት ውኃ አጠቃቀም

በኩሬ ውኃ የለማ አትክልት ጎጂ ነው ማለት አይደለም። ድንች፣ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን በደንብ ከበሰሉ ባክቴሪያው ይሞታል። ጥንቃቄ የሚሻው ጥሬውን የሚበላው ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ነው። ለእነዚህ ውኃው በቅጠሉ ላይ ከሚረጭ ይልቅ በቦይ በሥሩ በኩል እንዲፈስ ማድረግ ይገባል። ከመሰብሰቡ በፊት ለጥቂት ቀናት ማጠጣት ከቆመ በአትክልቱ ላይ ያለው ባክቴሪያ በፀሐይና በድርቀት ይቀንሳል። ትኩስ እበት በቀጥታ ከመጨመር ይልቅ በሚገባ የበሰለ ኮምፖስት መጠቀም ይመረጣል። ከተሰበሰበም በኋላ በታከመ ውኃ መታጠብ አለበት።

ከብቶች ወደ ኩሬው ገብተው ከሚጠጡ ይልቅ ውኃው ተቀድቶ ወይም በፔዳል ፓምፕ ተስቦ ከአጥር ውጭ ባለ ገንዳ ቢቀርብላቸው ለሰውም ለከብትም ይጠቅማል። የተበከለ ውኃ ጥጆችንም ለተቅማጥ ይዳርጋል። የሞተ እንስሳ በኩሬ አጠገብ መጣል ወይም መግፈፍ ፈጽሞ አይገባም። በተለይ በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ እንስሳ ሲሞት ሳይነካና ሳይታረድ ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የበሽታው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ነው።

ኩሬን ከብክለት መጠበቅ

ኩሬው ከበረት፣ ከፍግ ክምርና ከመጸዳጃ ቤት በላይ ባለ ስፍራ ቢቆፈር ጎርፉ ቆሻሻ ይዞ አይገባም። መጸዳጃ ቤት ከማንኛውም የውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ጎርፍ በቦይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማሳለፍ፣ በመግቢያው ላይ ደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ማዘጋጀትና በዙሪያው እንደ ደሾ ያለ ሣር መትከል ብክለቱን ይቀንሳል። በየዓመቱ በበጋ መጨረሻ ደለሉ ሊጠረግ ይገባል። አጥር ከብትን ከማገዱም በላይ ሕጻናት በኩሬ ውስጥ ወድቀው እንዳይሞቱ ይከላከላል።

የሕመም ምልክት ሲታይ መደረግ ያለበት

በተቅማጥ የታመመ ሰው ሕይወቱ የሚያልፈው በአብዛኛው ከሰውነቱ ውኃና ጨው ስለሚያልቅ ነው። ስለዚህ ኦአርኤስ የሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ወዲያውኑ መሰጠት ይጀምራል። ንጥረ ነገሩ በእጅ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ልሙጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ጡት የሚጠባ ሕጻን መጥባቱን አያቋርጥም። ለሕጻናት በጤና ባለሙያ የሚታዘዘው ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀናት ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ በሽተኛውን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል፦ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ የሩዝ ቅቅል ውኃ የሚመስል ብዙ ተቅማጥ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የዓይን መጎድጎድ፣ የሽንት መቀነስ፣ መፍዘዝ ወይም መጠጣት አለመቻል፣ ለቀናት የዘለቀ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፀረ ባክቴሪያ ወይም ተቅማጥ ማቆሚያ መድኃኒት መውሰድ አይገባም፤ በአንዳንድ የደም ተቅማጥ ዓይነቶች ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። ለጤና ባለሙያውም የኩሬ ውኃ መጠጣትን ወይም በኩሬ ውስጥ መሥራትን መንገር መንስኤውን ለማወቅ ይረዳል።

አገልግሎት የሚገኝባቸው ተቋማት

በየቀበሌው ጤና ኬላ የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ውኃ ሕክምናና ስለ መጸዳጃ ቤት አሠራር ምክር ይሰጣሉ፤ በተቅማጥ ለታመሙ ሕጻናትም ኦአርኤስና ዚንክ ያቀርባሉ። ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሞጣና በቢቸና ወደሚገኙት ሆስፒታሎች ይልካሉ። የተበላሸ የእጅ ፓምፕ እንዲጠገን፣ ወይም የመጠጥ ጉድጓድና ምንጭ እንዲመረመር የሚፈልጉ ነዋሪዎች ጥያቄያቸውን በቀበሌያቸው በኩል ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላሉ። ስለ ኩሬ አሠራርና ስለ መስኖ አጠቃቀም የግብርና ባለሙያዎችን ማማከር፣ ወይም ለአርሶ አደሮች በተዘጋጀው የ8028 የስልክ መስመር ምክር ማግኘት ይቻላል።

በአንድ ሰፈር በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ሰዎች በተቅማጥና በትውከት ከታመሙ ሳይውል ሳያድር ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማሳወቅ፣ ወይም በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ የስልክ መስመር 8335፣ እንዲሁም በጤና ሚኒስቴር 952 መደወል ይገባል። ጥቆማው በፈጠነ መጠን የተበከለው ውኃ ተለይቶ ሌሎች ሰዎች ሳይታመሙ እርምጃ መውሰድ ይቻላል።

የእርሻ ኩሬ ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ ምግብና ገቢ የሚያስገኝ ሀብት ነው። ይህ ሀብት የጤና ጠንቅ እንዳይሆን የኩሬው ውኃ ለማሳና ለከብት፣ ከተጠበቀ ምንጭ የተቀዳ ወይም የታከመ ውኃ ደግሞ ለሰው እንዲውል እያንዳንዱ ቤተሰብ ለይቶ ሊጠቀም ይገባል።